ከክሩስኮቱ ስር ያለው ወዝ

ዛሬ ረፋድ ላይ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ የአሮጌዋ መኪናችን ኤሲ የትኩሳታም ሰው ትንፋሽ ይተነፍስብን ጀመር። ባለቤቴ ፈንታነሽ መስኮት እስክትከፍት እኔ ዳር ይዤ ቆሜ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ቱቦ ለቱቦ እየዳበስኩ ነበር። ቁጭ ብሎ ማሰብ አልተፈጠረልኝም። ስወለድም አዋላጇን አልጠበቅኩም ይባላል።

"አሁንም ክሩስኮቱን ልትነቅል ነው?" አለችኝ ከውስጥ፣ ዳሽቦርዱን መታ መታ እያደረገች። ሳቄ መጣ።

ከመጋባታችን በፊት በፋሲል ከተማ፣ አራዳ ውስጥ አንድ ጋራዥ የምሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። ይህችው መኪና የአጎቴ ነበረች፤ ያኔም ቢሆን ከኔ በዕድሜ ትበልጥ ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም። ፈንታነሽን እወዳታለሁ፤ እናቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አልወደዱኝም። ወሬኛ ነው፣ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ልጄን ለእንዲህ ያለ ቅብዝብዝ አልሰጥም ብለዋል። በሚያዝያ ዛሪማ ያለው ወንድማቸው ታመመና ሊጠይቁት ፈለጉ። ግን ቆላ ይፈራሉ፤ ሙቀት ያዞራቸዋል። ዕድሌ መጣ ብዬ፣ "እኔ ላድርስዎ እትዬ፤ መኪናዬ ውስጥ ራስ ዳሽን ነው፣ ጋቢ ይያዙ" አልኳቸው።

በመሄጃችን ዋዜማ ኤሲው ሞተ።

ጎህ ሲቀድ ጋራዥ ገባሁ። የኤሲ ጋዝ ሲያመልጥ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ የሾለከበት ቦታ ወዝ ይቀራል፤ ወዙ ላይ አቧራ ይለጠፋል። ባትሪ አብርቼ ሳይ፣ ከክሩስኮቱ ስር፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት፣ ጥቁር ወዝ ተጋግሯል። አገኘሁት ብዬ ኮፈኑን እንኳ ሳልከፍት ካቻቢቴዬን መዘዝኩ። ረፋድ ላይ የመኪናዋ ሆድ ዕቃ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ ነበር። ከውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ግን ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ያፈጥብኛል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ጋቢያቸውን ታቅፈው ከተፍ አሉ።

"ምነው፣ ማኪናዋን አረድካት?"

ጋዙ የሚያመልጠው በዚህ ነው ብዬ ወዙን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉና አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት።

"ይኼማ የኔ ቅቤ ነው" አሉ።

ለካ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቼ ከዳባት ሳመጣቸው፣ በቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ ፀሐይ እንዳያቀልጠው ብለው ኤሲው አፍ ስር ሸጉጠውት ኖሯል። እኔ ወሬ ይዤ መች አየኋቸው።

እኔ በላብ፣ እሳቸው በሳቅ ራስን። ሕመምተኛው ይጠብቃል፤ ፀሐይዋ ትከራለች። ቀዳዳውን በአረፋ ልፈልግ ብል ሳሙና ቢጠፋ ከጎረቤት የተወቀጠ እንዶድ ለምኜ መጣሁ። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በውሃ ይመቱልኝ ጀመር፤ አረፋው ፋሲል ግንብ ደርሶ ነበር ቢባል አልክድም። አሁን ኮፈኑን ከፍቼ በየመገጣጠሚያው ስቀባው፣ ከኮምፕረሰሩ ጀርባ አንድ ቱቦ ጫፍ ላይ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ እየተነፋ መጣ። የደረቀች የጎማ ቀለበት ናት። ቀየርኳት፣ ጋዝ ሞላሁ፣ ክሩስኮቱን መለስኩ፤ የተረፉኝን ብሎኖች ሳይታዩ ኪሴ ከተትኩ።

ሊማሊሞን ስንወርድ እትዬ ጋቢ ተከናንበው ነበር። ዛሪማ ደርሰው ከወንድማቸው አልጋ አጠገብ እንደተቀመጡ፣ "ይኼ ልጅ አይረጋም፤ ግን ያፈረሰውን መልሶ ይገጥማል" አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው በቀስታ፣ "ሽማግሌህን ላክ" አሉኝ።

ዛሬም ከመኪናዋ የማይለየውን ሳሙና በጥብጬ፣ አረፋውን ቀብቼ ቀዳዳውን አገኘሁት። የብሎን ቁልፍ እንዳነሳሁ ፈንታነሽ ጠራችኝ። መስኮቱን መልሳ ዘግታ በዚያ ሙቀት ውስጥ ተቀምጣለች።

"ግባና አሽትት" አለችኝ።

ገባሁ። ያኔ በክሩስኮቱ ስንጥቅ ውስጥ የሰረገው የእትዬ ቅቤ ነው፤ ሙቀቱ ቀስቅሶት፣ ድክም ያለ፣ የበሰለ ሽታ። ኤሲው ደህና በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ሸቶን አያውቅም። እትዬ ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል።

ቁልፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ላቤ በአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ረግቼ ቢያዩኝ እትዬ ራሳቸው አያምኑም ነበር።