አባባን ያስተማርኳቸው ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ አርብ ገበያ አጠገብ ባለው ቤታችን ተረት በነፃ አይሰማም ነበር። ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁት አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ተረት ከመጀመራቸው በፊት በትምህርት ቤት የተማርኩትን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያስነግሩኛል። ትርጉሙ ብቻም አይበቃቸውም፤ ከየት እንደመጣም ይጠይቃሉ። ያኔ የኩራዙ ጭስ ዓይናቸውን እያስነባቸው፣ የኩበቱን ፍም በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ቃሉን እንደ ዜማ እየደጋገሙ በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ተረት የለም።

አንድ ማታ «ደርት» የሚል ቃል ይዤ ገባሁ። መምህራችን እንደነገሩን፣ ቃሉ ጥንት ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ከመጡ ሰዎች የተወረሰ ነው። መጀመሪያ የሰውም የከብትም ዓይነ ምድር ማለት ነበር፤ ኋላ ጭቃም፣ አፈርም፣ እድፍም፣ ክፉ ወሬም ሆነ።

አባባ ሳቁ። «ፈረንጅ አውድማ አያውቅም ማለት ነዋ! በእበት ሳይለቀለቅ እህል የሚወቃው ወዴት ነው? ክፉ ወሬን ከእድፍ መቁጠራቸው ግን ደግ አርገዋል።»

ከዚያ ማታ በሁለተኛው ዓመት አባባ አልጋ ያዙ፤ ራሳቸውን መቆጣጠርም አቃታቸው። ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን አባቴና እናቴ ከአውድማ ሳይመለሱ መሸና፣ ጋቢያቸውን የመቀየር ተራ የእኔና የታላቅ ወንድሜ ሆነ። ወንድሜ ከበሩ ላይ ቆሞ «ደሞ ምን ሆኑ?» አለኝ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ፣ አባባ እንዳይገባቸው ብዬ በእንግሊዝኛ መለስኩለት። «ደርት» አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ተማሪ እንደሚያስቀጽሉ ሁሉ ዝግ ብለው፣ «መጀመሪያ ዓይነ ምድር ማለት ነበር» አሉ። «ኋላ ጭቃ፤ ከዚያ አፈር። አይደል ልጄ?»

ነጠላዬን ከአፍንጫዬ ላይ አወረድኩ። እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ቃል አልጠየቁኝም፤ ተረትም አልነገሩኝም። ውሃ ሳቀብላቸው ግን እንደ ወትሮው ይመርቁኝ ነበር፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ዛሬ ነገ ይቅር ይበሉኝ እላለሁ ስል፣ የዚያ ዓመት ጭድ ተከምሮ ሳያልቅ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ከፍቅር መስሎት አባበለኝ።

አሁን ወገዳ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይቅርታዬን የሚቀበለኝ ሰው የለም፤ ጊዜም አላቀለለልኝም። ልጆቼ ተረት ንገሪን ሲሉኝ የአባባን ተረቶች አንድ በአንድ እፈልጋለሁ፤ ጅቡም ንጉሡም ተቀላቅለውብኝ የአንዱም መጨረሻ አይመጣልኝም። ከዚያ ቤት ሳይጎድል የቀረልኝ የዚያ ቃል ታሪክ ብቻ ነው፤ እሱንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።