ስድስተኛዋ አልቃሽ

የልቦለዴ ሽፋን ታትሞ ካለቀ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ከቱሉ ዲምቱ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት በሚኒባስ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የብሎካችን ነዋሪ በስልኳ ፊልም እያየች ለብቻዋ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት ለማየት አንገቴን ሰገግ ሳደርግ የፊልሙ ርዕስ ከታች ተጽፏል፦ «ከአንጀት ካለቀሱ»። የእኔ መጽሐፍ ርዕስ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ሚኒባስ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የጻፍኩት መጽሐፍ ርዕስ።

አዲስ ፊልም ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ኧረ የቆየ ነው፣ ግን በጣም ያስቃል፣ ከጀመርሽው አታቆሚውም አለችኝ። መቆየቱ አናደደኝ፤ ማሳቁ ደግሞ ባሰብኝ።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንቴ እንዳስረዳሁ አላውቅም፤ ሰው ከልቡ ከፈለገ መላ አያጣም ለማለት ነው። ተረትን ሙሉውን መጨረስ ደግሞ የሰሚን አእምሮ እንደ መናቅ ይቆጠራል። ግማሹን ጣል አድርገህ ትተወዋለህ፣ ቀሪውን ሰሚው በሆዱ ይሞላዋል። እኔም ርዕሴን ግማሽ ላይ የቆረጥኩት ለዚህ ነበር። አንባቢ ሽፋኑን አይቶ «እንባ አይገድም» ሲል አንድ እግሩ መጽሐፉ ውስጥ ገባ ማለት ነው ብዬ አስቤ፣ በብልሃቴ ተኮፍሼ ነበር። ለካ አገሩ ሁሉ ያን ብልሃት ሲያውቀው ኖሯል።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አምስት አገኘሁ። ሁለቱ ፊልሞች ናቸው። አንዱ ያቺ ጎረቤቴን ያሳቃት፣ ሌላው ሙሉውን ተረት ርዕሱ ያደረገ የሽጉጥ ፊልም። አንዱ በየሳምንቱ የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍል ነው፤ እሱ የተረቱን ጭራ ወስዶ «እንባ አይገድም» ተብሏል። ሁለቱ ልቦለዶች ናቸው፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ። ራስም ጭራም ሙሉውም ተወስዷል። ለእኔ የተረፈኝ ነጠላ ሰረዙ ብቻ ነው።

ማተሚያ ቤት ደወልኩ። ሰውዬው የውስጡን ገጽ ገና አልጀመሩም፤ ግን ነገሩ ምንም አልመሰላቸውም። «መምህርት፣ ተረት እኮ የአገር ነው፤ ማን ይጠይቅሻል?» አሉኝ። ረቂቁን ያነበበልኝ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ አንድ ቃል ጨምሪበትና ይለይ አለኝ። አይሆንም አልኩ። ግትር ናት ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ግን ያ ርዕስ ከተረት መጽሐፍ የመጣ አልነበረም። ከእናቴ አፍ የወሰድኩት ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ሞተ፤ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እናቴ እሑድ እሑድ ከአቃቂ ተነስታ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ድረስ በእግሯ ስንቅ ታደርስ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ዛሬ ይዘሽው ትመጫለሽ ወይ እላታለሁ። እሷ ምሳ ዕቃውን በአባቴ ሹራብ እየጠቀለለች «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብላ ትወጣለች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ስለዚህ እኛ የማናይበት ቦታ ታለቅሳለች ብዬ አመንኩ፤ የት እንደሆነም ወሰንኩ፣ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ነው። የልቦለዴ መጀመሪያ ምዕራፍ ያ ነው። አንዲት ሴት ስንቅ ይዛ ሰልፍ ላይ ቆማለች፣ እንባዋ እንጀራው ላይ ጠብ ይላል።

አባቴ ተፈትቶ ሰባት ዓመት ከእኛ ጋር ኖሮ አረፈ። እናቴ ግን ከዚያ በር አልራቀችም። አሁን ከመንገዱ ማዶ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ አላት፤ ጠያቂዎች ስልክ ይዘው መግባት ስለማይችሉ እሷ ጋ አስቀምጠው ይገባሉ። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ስለዚህ መጫወቻ ካርታ ለሁለት ትቆርጥና ግማሹን በላስቲክ ከስልኩ ጋር ታስራለች፣ ግማሹን ለባለቤቱ ትሰጣለች። ሲመለስ ሁለቱን ታጋጥማለች። እስከ ዛሬ የማንም ስልክ ከማንም ጋር ተቀያይሮባት አያውቅም። ለእነዚህ ጠያቂዎች ሁሉ ልጄ መጽሐፍ ጽፋለች፣ ርዕሱም እኔ የምለው ተረት ነው እያለች ስታወራ ከርማለች።

ፊልሙን ባየሁ በሁለተኛው ቀን ደወለችልኝ። ከሱቋ አጠገብ ነጠላ ጫማና ጭማቂ የሚሸጥ የስልጤ ሰው አለ፤ እንደ እናቱ ነው የሚያያት። እማማ፣ የልጅዎ መጽሐፍ ያ ልጆቼ የሚያዩት ፊልም ነው እንዴ ብሎ ጠይቋት ኖሯል። ለክፋት አልነበረም። እሷ ግን ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

«ቀድተሽ ነው?» አለችኝ።

አልቀዳሁም አልኩ። ካልቀዳሽ ደህና ብላ ዘጋችው። እናቴ በሕይወቷ የሰው ስልክ ያላቀያየረች ሴት ናት፤ የእሷ ልጅ የሰው ርዕስ ወሰደች ተብሎ በዚያች ሱቅ በር ላይ ሊወራ ነው። ያን ቀን ማልኩ። አምስቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያለሁ፣ አነባለሁ፤ ተረቱ የእኔና የእናቴ እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ አሳያለሁ።

መጀመሪያ ፊልሞቹን ጨረስኩ። በአስቂኙ ፊልም አንድ ወጣት የሀብታም ልጅ ለማግባት ደላላ ሆኖ፣ ቄስ ሆኖ፣ በመጨረሻ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል። መናደዴ እንዳለ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሳቅኩ። በሽጉጡ ፊልም ማን ከአንጀቱ እንዳለቀሰ እስካሁን አልገባኝም። የድራማው ክፍል ላይ አንዲት ሴት አርባ ደቂቃ ሙሉ ታለቅሳለች፤ እውነትም እንባ አላጠራትም። አዲሱን ልቦለድ በሦስት ቀን አነበብኩት፣ ስለ ንግድ ነው። አራቱም አላሰጉኝም። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ልክ እንደ ተማሪ ፈተና አርሜ ጣልኳቸው።

አሮጌው ልቦለድ ግን አልገኝ አለ። ሦስት ቅዳሜ ሳሪስ አቦ ተመላለስኩ። በሦስተኛው፣ አሮጌ መጽሐፍ ላስቲክ ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሽማግሌ ከሥር ቆፍረው አወጡልኝ። ሽፋኑ ላይ የጽጌረዳ አበባ አለ፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጀመርኩት። አርባኛው ገጽ አካባቢ አንዲት ሴት ለታመመ ባሏ ምግብ ይዛ ሆስፒታል በር ላይ ቆማለች። እንባዋ እንጀራው ላይ ጠብ አለ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው፤ አንድ ቃል ነው የሚለየን። እኔ ይህን መጽሐፍ አይቼው አላውቅም፣ ጸሐፊው ደግሞ ሲጽፈው እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ታዲያ እንዴት? ሰበብ ብፈልግ አጣሁ። እሱም እኔም ያን ተረት ርዕስ አድርገን ተቀመጥን፤ ተረቱ ደግሞ እንባ አምጡ አለን፤ አመጣን። እሱ ያቺን ሴት በር ላይ ቆማ አይቷት አያውቅ ይሆናል። እኔም አላየሁም። ለቅሶ ቤት ተጠርታ ሟቹን ሳታውቀው ደረት የምትመታ አልቃሽ አለች አይደል? አምስቱ አልቅሰው ሄደዋል፣ እኔ ስድስተኛዋ ነበርኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በጣም አፈርኩ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ሱቅ ሄድኩ። ጠያቂው በዝቷል፤ ካርታ እየቆረጠች፣ ላስቲክ እየጠመጠመች ነው። ፋታ ስታገኝ ጠብቄ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ለአባዬ ስንቅ ስታመጪ እዚህ በር ላይ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ሆንኩ ብዬ?» አለችኝ።

እየተናደድኩ መጣሁ፤ አምስት ዓመት የደከምኩበት ነው። ታዲያ ያ ተረት ምን ነበር አልኳት። ልጅ በየሳምንቱ አባቴ ዛሬ ይመጣል ወይ ብላ ስትጠይቅ ምን ይባላል አለችኝ፤ ስድስት ዓመት ይቀረዋል ልበልሽ? አንድ የሚባል ነገር መፈለግ ነበረብኝ፣ አያትሽም ትለው ስለነበር እሱኑ አልኩሽ አለች። ከዚያ መቀሷን አስቀምጣ ወደ በሩ እያየች የሆነውን ነገረችኝ።

ስንቅ የሚያመጣ ሰው ከፖሊሱ ፊት ክዳኑን ከፍቶ ራሱ መቅመስ አለበት። ያኔም እንደዚያ ነበር። የመጀመሪያው እሑድ ከፊቷ የነበረች ሴት እያለቀሰች ጎረሰች፤ መዋጥ አቃታት። እስክትረጋጋ ዞር በይ ተባለች፣ ስንቋ ከሁሉም ኋላ ገባ። እናቴ ያን አየች። አባቴ ደግሞ የቀዘቀዘ ሽሮ አይወድም ነበር፤ ሲረጋና ከላይ ቆዳ ሲያወጣ አይነካውም። ስለዚህ ገና ሳይነጋጋ ትነሳለች፣ በሹራቡ ትጠቀልለዋለች፣ ሳትቆም ትራመዳለች፣ ሰልፉ ላይ አንደኛ ትሆናለች። ማልቀስ ሰልፍ ያስረዝማል አለችኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሽሮው በርዶ የገባው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ታስታውሳቸዋለች።

«እንደውም» አለች፣ «እሑድ ቶሎ በደረሰ እል ነበር።»

አባዬን ስለምታይ ነው አልኳት። እሱም አለ አለች፤ ግን ፈገግ ብላ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

«ቁርሴ ነበራ። ቤት ብበላ ከእናንተ ላይ ነው የሚቀነሰው። እዚህ ግን ቅመሺ ተብዬ ነው። ትልቅ አድርጌ ነው የምቆርሰው። አንድ ፖሊስ ነበር፣ ጎልማሳ ሰው፤ አውቆብኛል መሰለኝ። ሁልጊዜ ‹አልቀመስሽም፣ ድገሚው› ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ስቆ አያውቅም። ‹ድገሚው› ብሎኝ ወደ ሌላ ቦታ ያያል።»

እኔ ነኝ ያለቀስኩት። በዚያች ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ የሰው ስልክ በተደረደረበት፣ በሠላሳ ዓመቴ፣ እንደ ልጅ። የሚያስለቅሰኝ ረሃቧ ብቻ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ የነበረውን ሳልጠይቅ፣ ያልፈሰሰ እንባ ፈጥሬ ስሟን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናቴ ሰው መጥቷል፣ ጠጋ በይ አለችኝ። የካርታውን ግማሽ የያዘ ሰውዬ ስልኩን ሊወስድ በመስኮቱ ቆሞ ነበር።

ሰኞ ማተሚያ ቤት ደውዬ ሽፋኑን ጣሉት አልኩ። ሰውዬው ፈርቼ መስሏቸው ደግመው ተረት የአገር ነው አሉኝ። አገር ይያዘው አልኳቸው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አውጥቼ ጣልኩ፤ ያ ይበቃል ብዬ ነበር፣ አልበቃም። የማታለቅስ ሴት አረማመዷም፣ ንግግሯም፣ ከጎረቤት ጋር ጠቧም ሌላ ነው። ስለዚህ ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ደብተሬን ስዘረጋ ያቺ የብሎካችን ነዋሪ ገና አልጨረስሽም ወይ ትለኛለች። ገና ነኝ እላለሁ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። አንድም ቀን ይቅር አላልኩም።

አዲሱን ርዕስ ፈልጌ አልደከምኩም፤ እናቴ ሱቅ ውስጥ ሰጥታኛለች። ለጥንቃቄ ኢንተርኔት ላይ አየሁ። ፊልምም፣ ድራማም፣ ልቦለድም አላገኘሁም።

መጽሐፉ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ይዤ ሄድኩ። ሽፋኑን በጣቷ እየዳሰሰች ምን ይላል አለችኝ።

«ድገሚው» አልኳት።

ከክምሩ አንዱን መዘዘች። ካርታ አንስታ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችና ግማሹን በላስቲክ ከመጽሐፉ ጋር አስራ፣ ከስልኮቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። የማን ነው ብላት ያ ፖሊስ ጡረታ ሳይወጣ አይቀርም፣ ግን በሕይወት ካለ በዚህ መንገድ ማለፉ አይቀርም፣ መልኩን አልረሳሁትም አለችኝ። እስካሁን አላለፈም። ሌላው የካርታው ግማሽ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ ሱቋን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።