የአዳነ ድምፅ በመቶ ሃያ ስምንት

ወልድያ ውስጥ ጆሮ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ይላል ኤርሚያስ። ሌላው የሠርግ ዲጄ ሁሉ ለእሱ ካሴት ገልባጭ ነው። እውነት ለመናገር ብዙዎቹ ንቀቱ ይገባቸዋል፤ የእሱ ግን ልክ የለውም። ባጃጅ ተሳፍሮ እንኳ የሾፌሩ ዘፈን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በጣቱ ይቆጥርና «ዘጠና አራት፤ ይሄ እንቅልፍ ነው» ብሎ ይወርዳል።

ያስተማረው ኢንተርኔት ነው። ቴክኖ የሚባለውን፣ ከዳር እስከ ዳር ድም ድም የሚለውን ሙዚቃ ያመልካል። ላፕቶፑ ለየዘፈኑ ፍጥነትና የቅኝት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹ እንደ ሰዓት በክብ ተደርድረዋል፤ ጎረቤታም ቁጥር ያላቸው ዘፈኖች ፍጥነታቸው ከተስተካከለ ሳይጣሉ ይዋሃዳሉ። ኤርሚያስ ሲገጣጥማቸው ስፌቱ አይታወቅም፤ ሙያውን አንነፍገውም። ያ ክብ ግን አምባሰልን አያውቅም። የቀረበውን ቁጥር ይለጥፍበታል፣ ኤርሚያስም ያምነዋል። የወሎ ልጅ አምባሰልን ከላፕቶፕ ይጠይቅ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

መርሳ ላይ ሶስና ስታገባ እሱን ጠራችው። አባቷ አዳነ የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። በሰው ሠርግ ላይ አምባሰል ሲያዜም አንድ እንግዳ በስልኩ ቀድቶት ኖሯል። ስልኩ ከተበላሸ ወዲህ ቅጂው ያለው አንዲት ፍላሽ ላይ ብቻ ነው።

«እማዬ መቀዳቱን አታውቅም» አለችው ሶስና ፍላሹን ስትሰጠው። «ከቀብሩ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ስንገባ ልቀቅላት።»

ኤርሚያስ ሰማውና ፊቱን አጨማደደ። ፍጥነቱ ሰማንያ ስምንት፣ ከኋላው የብርጭቆ ኳኳታና የሰው ሳቅ። ይሄን ጥሬ ለቆ ስሙን ሊያጠፋ ነው? ሦስት ቀን ሠራበት። ሳቁን አወጣ፣ ፍጥነቱን መቶ ሃያ ስምንት አደረሰ፣ ቁጥሩ ከቴክኖው ጋር እስኪገጥም ድምፁን እያቀጠነ ወደ ላይ ሳበው። ላፕቶፑ አረንጓዴ አበራለት። ከዚያ ጥሬውን ደምስሶ የራሱን ሥራ ፍላሹ ላይ አስቀመጠ፤ ያንን ደግሞ ማን ይፈልገዋል ብሎ። «ለአህያ ማር አይጥማትም፤ የመርሳ ሰው ይሄ አይገባውም» እያለ ነው ወደ ሠርጉ የወረደው።

ሙሽሮቹ ሰባት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ለቀቀው። ይግረማችሁና ሰዉ ወደደው። ወጣቱ ዘለለ፣ ሽማግሌዎቹም ትከሻቸውን ሞከሩ፣ የኤርሚያስም ደረት ተነፋ። ሶስና ብቻ አልጨፈረችም፤ ዓይኗን እናቷ ላይ ተክላ ቆማለች። እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ፤ በመሀል ወጥ ያልደረሰውን እንግዳ እየጠቆሙ አስተናጋጅ ይጠራሉ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ኤርሚያስ መጡ። እንባና ምርቃት ጠብቆ ከወንበሩ ተነሳ።

«ተባረክ ልጄ፣ ቤቱን አደመቅኸው» አሉት። «ይሄ ዘፋኝ ማነው? ከአዲስ አበባ ነው?»

ኤርሚያስ ፍላሹን ከላፕቶፑ ነቀለ።

«አባቷም አምባሰል ይችልበት ነበር» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ምነው ያኔ አንድ ሰው በቀዳልኝ ኖሮ።»