ቅሬው የማረው ጉልበት

«ሬሳ ተሸከም ብሎ የላከው ማነው?»

ሀኪሙ የጠየቀው እኔን ነው። አባቴ አልጋው ላይ ተኝቷል፣ እናቴ እግርጌው ቆማለች፣ ሰውዬው ግን ራጁን ወደ መስኮቱ ይዞ አይቶ ሲጨርስ ዞሮ ያየው እኔን ነው። ከሦስቱ የተማረችው እሷ ናት ብሎ ይሆናል። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የላክሁት እኔ ነኝ። ልናገር ስል አባቴ ቀደመኝ።

«ቅሬው ጠርቶኝ ነው» አለ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። «እኛ አገር ቅሬ ሲጠራ እምቢ አይባልም።»

ሀኪሙ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። የእኛው ግን ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ትከሻ ነው። ሰው ሲሞት እስላም ክርስቲያን ሳይባል ወንዱ ይቆፍራል፣ ጀናዛውን፣ ሬሳውን ማለት ነው፣ ይሸከማል። ሴቱ ውኃና እንጀራ ይዞ ይደርሳል። የቀረ ይቀጣል። የታመመ አይቀጣም፤ የቅሬው ዳኛ ደጁ ድረስ መጥቶ «ቅሬው ምሮሃል» ይለዋል። ደግ ቃል ነው። አባቴ ግን ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን ያየሁት እኔ ነኝ። በቁሙ የተገነዘ ነበር የሚመስለው።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ፍየል ነጋዴ ነበር። ግራና ገበያ ይገዛል፣ እየነዳ ወደ ከተማችን መርሳ ያመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። ቀኝ ጉልበቱ ተፈጭቶ አለቀ። ሳውዲ ያለችው እህቴ ላከችለትና አዲስ አበባ ሄዶ ተቀየረለት፤ ብረት ገባለት ማለት ነው። ሲወጣ ሀኪሞቹ ያሉት ግልጽ ነበር። ሜዳ ሜዳውን በምርኩዝ ሂድ፣ ሸክም የለም፣ ድንጋያማ ቦታ የለም፣ ጉልበትህ ላይ አትንበርከክ፣ ወንበር ላይ ሆነህ ስገድ።

ወንበሩን ጠላው። ቢሆንም ተቀመጠበት፤ ተቀመጠበትና አልነሳ አለ። ጉልበቱ ከተቀየረ በአምስተኛው ወር እኔ ለእረፍት ቤት ነበርኩ። ጠዋት «ውኃ አምጭልኝ» ይጀምራል። ለስግደት የሚታጠብበት የውዱ ዕቃው፣ ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ። እናቴ «ታሞ ነው» ትላለች። ታሞ እንዳልሆነ አያለሁ። የሚጠብቀው ሰው ነበር፤ ገበያው፣ መስጊዱ፣ ሰዉ ራሱ መጥቶ «ተነስ» እንዲለው። ማንም አላለውም። የመጣው ሁሉ «አርፈህ ተቀመጥ» ነው የሚለው፤ ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ አርፈህ ተቀመጥ ይላል፣ ይሄዳል።

በዚያ መሀል አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሞቱ። እናቴ ሳይነጋ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። ዳኛው በሩ ላይ ቆመው ጠሩን። ረጅም ናቸው፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ አባቴን በስድስት በሰባት ዓመት ይበልጡታል።

«አንተ ተቀመጥ። ቅሬው ምሮሃል» አሉት።

«ጎረቤቴ ነው እኮ።»

«የሁላችንም ጎረቤት ነው። በእንጨት እግርህ መጥተህ ሁለት ጀናዛ እንዳታሸክመን።»

ሳቁና ሄዱ። አባቴም ሳቀ። ከዚያ «ልጄ፣ እስቲ ያንን ትራስ» አለኝ።

ትራሱን አነሳሁትና አልሰጠሁትም።

«ለምን አትሄድም?»

«ሰማሽ አይደል፣ ምረውኛል።»

«እሳቸው ይማሩህ፣ እኔ አልማርኩህም። ሽንት ቤት እንኳ ስንቴ ነው የማደርስህ? ሂድ። አንድም ሰው አርገው ይቁጠሩህ፣ አንድም ውደቅና ይለይልን።»

ያልኩት እንዲህ ነው። ቃሉን አላሳመርኩትም። ብዙ ሰው የተናገረውን ክፉ ቃል ሲያስታውስ ጫፉን ያለዝባል፤ እኔ አላለዝብም፤ ለዝቦ አይደለም የወጣው።

ምርኩዙን አንስቶ ሄደ። ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ ነው መቃብሩ። ያዩት እንደነገሩኝ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አንዱ ተሸካሚ ደክሞት «የሚተካኝ» ብሎ ተጣራ። አባቴ ምርኩዙን ለሰው አቀብሎ ገባ። እኛ ጋ ጀናዛ ሲያልፍ ትከሻውን የሚነፍግ ወንድ የለም፤ ጉልበቱ ብረት ይሁን አጥንት አይጠየቅም። አሥር እርምጃ አይሞላም የሄደው። ድንጋዩ ተንከባለለ። ጀናዛውን ሌሎቹ ያዙት። አባቴን የያዘው አልነበረም።

ብረቱ ምንም አልሆነም። የተሰነጠቀው ብረቱን የያዘው አጥንት ነው። እንደገና አዲስ አበባ፣ እንደገና ቀዶ ጥገና፤ የፊተኛው ብረት ወጥቶ አጥንቱ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ረጅም ዘንግ ያለው ሌላ ገባ። ያ ሀኪም ጥያቄውን የጠየቀኝ ያኔ ነው። ከዚያ ደግሞ «ሦስተኛ የለም» አለ፤ ወደ ማንም ሳያይ።

አባቴ በእኔ ፋንታ ሲዋሽ እኔን መሸፈኑ ነበር። ሌላ ሰው መግለጡን አላሰበበትም፣ ወይም አስቦበታል። እናቴ ያን ቀን የሰማችውን አልረሳችም። «ቅሬው» ማለት ለእሷ ዳኛው ናቸው። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሊጠይቁት መጡ፣ በሩን ዘጋችባቸው። የእህታቸው ሞት ሲሰማ ለቅሶ አልደረሰችም። እኛ አገር ሰው በሰላምታ ይጣላል፣ በለቅሶ ግን አይጣላም። መርሳ ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሁሉም አወቀ። ዳኛው አንድ ቀን እንኳ «እኔማ ተቀመጥ ነው ያልኩት» አላሉም። እኔም ዩኒቨርሲቲዬ ተመለስኩ።

በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ መጣሁ። ሥራ የለም። ወልድያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ፈልጌ ፈልጌ ዓይኔ ታመመ። ስለዚህ ሥራዬ የአባቴ ጉልበት ሆነ። በሳምንት አንድ ቀን በሚኒባስ ወልድያ እወስደዋለሁ። ሲሪንቃ ስንደርስ፣ የግብርና ምርምሩ ማሳ ሲታይ፣ ሁልጊዜ «ያው ቤትሽ» ይለኛል። እኔ ወደ ሌላው መስኮት እዞራለሁ።

ፊዚዮቴራፒ የሚሠራለት ልጅ ተረበኛ ነው።

«አባባ፣ ሁለተኛ ጉልበት እንደ ሁለተኛ ሚስት ነው» አለው አንድ ቀን እግሩን እያጠፈ። «ካልተንከባከቧት ትሄዳለች።»

«አንዷንም አልቻልኳት» አለ አባቴ። «ቀስ በል፣ አንተ እያሳቅህ ነው የምትሰብረኝ።»

እግሩ ታጠፈ። ደረጃ ወጣ፣ ወረደ። ልጁ ለብቻዬ ጠራኝና «ይሄ ሰውዬ ገበያ ደርሶ መምጣት ይችላል። ለምንድነው ቤት የምታስቀምጡት?» አለኝ።

ማን አስቀመጠው። ግቢ ውስጥ በፓፓያው ዙሪያ ይዞራል፣ እየቆጠረ፣ አርባ ጊዜ። ላቡ ጠብ እስኪል። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ይመለሳል። «ነገ» ይላል። «ዛሬ ያመኛል» ይላል። ሰው ሲመጣ ቶሎ ተቀምጦ እግሩን ይዘረጋል፤ አይቸዋለሁ። እንደ ድሮው ሰነፈ ብዬ ደሜ ፈላ። ያ ክፉ ቃል ተመልሶ ምላሴ ላይ ሲመጣ ይታወቀኝ ነበር።

አንድ ማለዳ ክንዱን ይዤ ከበሩ አወጣሁት። ታች አስፋልቱ ድረስ፣ ሌላ ምንም። መሄዱን ሄደ፣ ያውም ቀጥ ብሎ። መታጠፊያው ላይ ዳኛው ገለባ የጫነች አህያ እየነዱ ብቅ አሉ። ገና ሩቅ ናቸው፣ አላዩንም።

አባቴ ቆመ። «ረስቼ» አለ።

«ምን ረሳህ?»

«ምርኩዜን።»

ምርኩዙ እጁ ላይ ነው። ዞረና ሄደ። ሁለት ጊዜ የተቀየረ ጉልበት እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም፤ ምርኩዙ መሬት አልነካም፣ ብብቱ ሥር ነው የያዘው። እየሮጥኩ ነው በሩ ላይ የደረስኩበት።

«አንተ ደህና ነህ» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደህና ነኝ። የት ልሂድበት?»

«ገበያ። መስጊድ።»

«መስጊድ ፊተኛው ሰልፍ ላይ ዳኛው ነው የሚቆመው። ወንበሬን ይዤ ከጎኑ ልቁም? ገበያም እሱ አለ፣ ለቅሶም እሱ አለ። የበደልኩት ሰው ያልቆመበት ቦታ ካለ ንገሪኝና ልሂድ።»

«ለምን ዋሸህ ታዲያ?»

«ልጄ ናት ልበል? ሀኪሙ አንቺን ነበር እኮ የሚያየው።»

«ዋሽልኝ አልኩህ?»

«አላልሽም» አለ። ጫማውን አወለቀ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። «ግን ደግሞ አፍ ነበረሽ።»

ጫማዎቹን አንስቼ ወንበሩ ሥር ወረወርኳቸው። የተናደድኩት እውነቱን ስለሆነ ነው። ተመርቄ ከመጣሁ ወዲህ እግሩን ሳነሳ ሳጥፍ፣ ሰዓት ይዤ ስቆጥር፣ ራሴን ጥሩ ልጅ አድርጌ ነበር የማየው። አባቴን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሂድ የምለውም እኔው ነኝ። ለእናቴ ልንገራት ብዬ ማታ ማታ አስባለሁ፣ ጠዋት አያታለሁ፣ እተወዋለሁ። ፈራኋት። ሌላ ምክንያት የለውም።

ከሳምንት በኋላ ይሆናል፣ እናቴ በረንዳው ላይ ማሾ ትለቅማለች፣ አባቴ ወንበሩ ላይ ነው፣ ዳኛው መጡ። ካልገቡ ቆይተዋል፤ ከበሩ ውጪ ቆመው ሳል አሉ። እናቴ ቀና አላለችም።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

አባቴ ብቻ በቀስታ መለሰ።

«ብዙ አልቆይም። ቅሬው ትናንት ተነጋገረ። ከእንግዲህ አንተን ለቁፋሮም ለሸክምም አንጠራህም። ስምህን ከአቅመ ደካሞቹ ጋር ልናደርገው ነው። እሺ ካልክ ነገ እነግራቸዋለሁ፣ በዚያው ይጸናል።»

አቅመ ደካማ የሚባሉት ዓይነ ስውሩ፣ መበለቶቹ፣ ከቤት የማይወጡት ናቸው። አንዴ እዚያ የገባ ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንቢ ሊል ፈለገ፣ አየሁት። እንቢ ካለ ደግሞ ነገ ተነስቶ ከዳኛው ጎን መቆም አለበት።

«እሺ» አለ።

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። «አሁን ነው የታዘነለት? ያኔ ነበር እንጂ ማዘን፣ ከወንበሩ አስነስታችሁ ስትወስዱት። እግሩን የበሉት እርስዎ ነዎት። አላህ ይይልዎት።»

ዳኛው መሬት መሬት አዩ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬስ ይናገራሉ፣ እኔም እተርፋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጥምጥማቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ሰላም ዋሉ» አሉና ለመሄድ ዞሩ። አባቴ ወደ እኔ አላየም። ሆን ብሎ ነው ያላየኝ።

«አባባ፣ ይቁሙ» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ሆነብኝ። «እሺ ማለቱን ለቅሬው እንዳይነግሩ። እማ፣ እሳቸው ተቀመጥ ነው ያሉት፤ እዚህ በር ላይ ቆመው፣ ምረንሃል ብለውት ነው የሄዱ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰልችቶኝ ነበር፣ ውደቅና ይለይልን ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»