ቆሞ ስድሳ የሚለው መኪና

በጣሊያን ጊዜ አባቴ ሾፌር ነበር። መኪናው የእሱ አልነበረም፤ ደብረ ታቦር ላይ ከቤታችን አጠገብ ግቢ የተከራየ የአንድ ጣሊያን እህል ነጋዴ ነበር። በሬዎቻችን በጦርነቱ ስላለቁ እርሻችን ጦም ያድራል፤ ቤታችን የሚበላው ከዚያ መኪና መሪ ነበር። ያ መሪ በአንዲት መርፌ ምክንያት ሊወሰድብን ሆነ።

መርፌዋ ከመሪው ፊት፣ ሰዓት በመሰለ መስተዋት ውስጥ ሆና ፍጥነት የምታሳየው ናት። ጣሊያኑ ከመንገዱም ከአባቴም ይልቅ እሷን ያምናል። አሮጌው መኪና እያቃሰተ ሲሄድ መርፌዋ ድንገት ዘላ ስድሳ ላይ ትደርሳለች። "ፒያኖ፣ ፒያኖ" ይላል ጣሊያኑ፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። አባቴ ፍሬን ይይዛል። መርፌዋ ዜሮ ላይ ትወድቃለች። "ለምን ቆምክ?" ይላል ደግሞ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እኔና እናቴ ይፋግ አክስቴ ዘንድ ለመሄድ ከኋላ ጆንያው ላይ ተቀመጥን። አንድ የሰፈራችን ቄስም አብረውን ነበሩ። ከከተማው ሳንርቅ አምስት ጊዜ ቆምን። ገብስ የተጫኑ አህዮች አልፈውን ሄዱ።

"ባልሽ መኪና ነው የሚነዳ ወይስ ማኅሌት ነው የቆመ?" አሉ ቄሱ። "አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ቆሞ ያሸበሽባል።"

"እሳቸው ምን ያድርጉ አባ፣ መሪጌታው ከጎናቸው ተቀምጧል" አለች እናቴ።

ይፋግ ስንደርስ ጣሊያኑ ወርዶ፣ እስከ ቅዳሜ መርፌዋ ካልተስተካከለች ከጎንደር ሌላ ሾፌር እንደሚያመጣ ተናገረ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ መርፌዋ ደህና ሆነች። አባቴ "ተሻላት" አለ። ዓርብ ጠዋት መኪናውን ትንሽ ነዳ አድርጎ ሲያያት ብሶባታል። መስተዋቱን ለሦስተኛ ጊዜ ፈታው፤ ውስጡን እፍ አለበት፤ መልሶ ገጠመው። እናቴ አጠገቡ ቆማ ታየዋለች።

"ጠዋት ጠዋት ነው የምታብድ?"

"አዎ አልኩሽ።"

"ከታች ወደ እሷ የሚመጣ ነገር የለም?"

"ገመድ አለ፣ በቱቦ ውስጥ። እሱ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ቀብቼዋለሁ።"

"በምን ቀቡት?"

"በቅባት።"

"በየትኛው ቅባት?"

አባቴ መስተዋቱን መወልወል ጀመረ። "የመኪናውን ቅባት፣ ግራሶውን፣ ሰውየው ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል" አለ።

"በየትኛው ቅባት አልኩ።"

"በቅቤ።"

እናቴ እጇን አናቴ ላይ ጫነች። "አንቱ ሰው፣ እኔ የዚችን ልጅ ፀጉር እንኳ እሳት ዳር ሳላቀልጠው አልቀባትም። የጉና ብርድ ድንጋይ ያደርገዋል።"

ነገሩ ይኸው ነበር። ገመዱ ከካምቢዮው፣ ከማርሹ ሳጥን፣ ተነስቶ እየተሽከረከረ መርፌዋን ያንቀሳቅሳል። ቅቤው ሲረጋ ገመዱን ይይዘዋል፤ ገመዱ ተጠማዞ ተጠማዞ ድንገት ሲለቀቅ መርፌዋ ትዘላለች። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ መርፌዋም አደብ ትገዛለች። መስተዋቱን ሦስት ጊዜ የፈታ ሰው ቱቦውን አንድ ጊዜ ቢያሸተው በገባው ነበር፤ ቅቤው ሻግቶ ግቢው ሁሉ ይሸት ነበር።

አባቴ ገመዱን አውጥቶ በላምባ አጠበው። ግራሶ ለመጠየቅ ግን እግሩ እምቢ አለ። ጣሊያኑን ከመለመን መኪናውን ተሸክሞ ይፋግ መውረድ የሚቀለው ሰው ነበር።

"ይሂዱ" አለች እናቴ። "ቅዳሜ ነገ ነው።"

ሄደ። ጣሊያኑ የጣቱን ጫፍ የምታህል ሰጠውና ገመዱ ምን ነክቶት እንደነበር ጠየቀው። አባቴ "ዝገት" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በርዶ ነበር። መኪናው ሲነሳ እኔና እናቴ በር ላይ ቆመን አየን፤ መንገዱ እስኪታጠፍ አንድ ጊዜም አልቆመም። ማታ አባቴ ሲመለስ እናቴ "እህ?" አለችው።

"አቀበቱን ስንወጣ መኪናው ከአሥራ አምስት አያልፍም፤ መርፌዋም እውነቱን ይዛ እዚያው ላይ ተተክላ ቀረች" አለ ጫማውን እየፈታ። "ሰውየው እስከ ደብረ ታቦር ዓይኑን አልነቀለባትም። ለምን አትፈጥንም እያለ ጆሮዬን በላኝ።"

ከጎንደር ግን ማንም አልመጣም።