ጡት ነው ወይስ ማር?

ኡበይደላ እባብ ይፈራል። መርሳ ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሥራው ደግሞ የመስኖ ፓምፕ መጠገን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እባብ በሚወደው ቄጠማ ውስጥ ነው። እንሽላሊት ሽው ካለች መፍቻውን ጥሎ ቦዩን ይዘላል። ሌላ ሰው ቢሆን ተስቆበት ያልፍ ነበር። እሱ ግን የየሱፍ ዘንዶ ገዳይ ዘር ነው።

የሱፍ፣ ቤተሰቡ እንደሚያወራው፣ ምንጩ ላይ ተጠምጥሞ አገሩን ውሃ ያስጠማውን ዘንዶ በአንድ አንካሴ ብቻ የገደለ ሰው ነው። ዘንዶው በየዓመቱ ያድጋል፤ ኡበይደላ ልጅ ሳለ አንድ ግንድ የሚያህል ነበር፣ አሁን ከመርሳ ተነስቶ ውርጌሳ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ገበሬዎቹ “የዘንዶ ገዳይ ልጅ!” እያሉ ሲስቁበት አብሯቸው ይስቃል፤ ውስጡ ግን ያፍራል። ያ ሁሉ ጀግንነት እሱ ጋ ሲደርስ ለምን እንዳለቀ አይገባውም።

ከዚያ ሀስናን ወደደ። የሐራ ልጅ ናት፤ መርሳ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ስትመጣ ነው የተዋወቁት። ሽማግሌ ተላከ፣ ቤተሰቧም ደስ አላቸው። የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነበር፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ደግሞ ማን ያጋባል።

ሸህ እንድሪስ በሁለቱ ቤተሰቦች መሃል ተቀምጠው ቆጠሩ። የኡበይደላ አባት፣ አያቱ ኑርሁሴን፣ ቅድመ አያቱ ዓሪፍ፣ ከዚያ የሱፍ። ወደ ሀስና ዞሩ። አባቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ፣ ከዚያ…

“የሱፍ” አሉ የሐራው ሽማግሌ።

“የቱ የሱፍ?”

“ዘንዶ የገደለው ነዋ!”

ለካ የሀስና ቅድመ አያት የዓሪፍ ወንድም ነው፤ ድሮ ሐራ ወርዶ እዚያው ቀርቶ ኖሯል።

“ሸሪዓው አይከለክልም” አሉ ሸህ እንድሪስ ቅር እያላቸው። “የአባቶቻችን ወግ ግን ይከለክላል። አራት ቤት ሥጋ ነው፤ እኔ አላጋባም።”

ሀስና ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ያን ጊዜ ዘንዶው የሱፍን ምናለ በዋጠው፣ አለ ኡበይደላ በሆዱ።

የኑርሁሴን እህት እማ ሁሪያ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሱ።

“እስቲ ቆዩ። ኑርሁሴን የአባቴ የዓሪፍ የጡት ልጅ ነው እንጂ የአብራኩ ክፋይ አይደለም።”

ሸህ እንድሪስ ግን ፊታቸውን አልፈቱም።

“እናትዎ አጥብተውታል? ጡት ከሆነ እንደ ሥጋ ነው፤ ይቆጠራል።”

“የምን ማጥባት! ሲመጣ አሥር ዓመቱ ነበር። በዚያ ክፉ ዓመት ከጉባ ላፍቶ ደጋ ብቻውን ወርዶ ደጃችን ላይ ወደቀ። አባቴ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አጠባውና ‘ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ’ አለው። ኑርሁሴን ብሎ ስም ያወጣለትም ያኔ ነው። የማሩን ቅል የያዝኩት እኔ፣ የተረፈውን የላስኩትም እኔ! ማንም መጤ እንዳይለው ብሎ አስማለን፤ እስከ ዛሬ ጠበቅሁ። ወንድሜ ግን የልጅ ልጁ ትዳር በእሱ ምክንያት ሲፈርስ አይወድም።”

“ጡት ነው ወይስ ማር? ወላሂ ይበሉ።”

“ወላሂ ማር ነው!”

“ማር አይቆጠርም” አሉ ሸህ እንድሪስ፤ እሳቸውም ተነፈሱ። አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹ ተከተሏት።

ኡበይደላ ደስታው ትንሽ ጋብ ሲልለት ወደ እማ ሁሪያ ጠጋ አለ።

“ታዲያ እኔ የማን ዘር ነኝ?”

“የደምሴ ነህ፣ የኔ ዓለም። የኑርሁሴን አባት ደምሴ ይባላል። ደግ ገበሬ ነበር አሉ።” አሮጊቷ ፈገግታቸውን ሊውጡ ሞከሩ። “ወንድሜ ሲያጫውተኝ፣ አባቱ አንድ ቀን እባብ አይቶ ግራር ላይ ወጣ፤ አልወርድም ብሎ ጎረቤት በመሰላል አወረደው።”

ኡበይደላ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ስንት ዓመት የተሸከመው እፍረት በዚያች ቅጽበት ቀለለው፤ ለካ ከማንም አላነሰም፣ ቅድመ አያቱን ነው የወጣው! ደምሴን ሳያየው ወደደው።

ሲወጡ ሀስና ክንዱን ነካ አደረገችው።

“እንግዲህ የየሱፍ ዘር እኔ ነኝ፤ ዘንዶው የኔ ነው” አለችው። “ቄጠማው ውስጥ አንድ ነገር ከተንቀሳቀሰ እኔን ጥራኝ።”

“እሺ፣ እጠራሻለሁ” አለ። ሲመልስላት አላፈረም።