ባርኔጣውና የበጓ ልብ

የብሮንዊን ችግር ሲናገሩት ቀላል ነው፦ የበግን የልብ ምት ዓመቱን ሙሉ መቁጠር፣ ያውም የሸሚዝ ቁልፍ በምታክል አንዲት ባትሪ። ባትሪ ለመቀየር ብሎ አንዲትን በግ በታዝማኒያ ኮረብቶች ላይ ሁለተኛ የሚያሳድድ ሰው የለም።

የልብ ኤሌክትሪክ ቆዳ ላይ ሲደርስ ሹክሹክታ ነው፤ የአንድ ቮልት ሺህኛ ቢሆን ነው። ኮምፒውተር ይህን አይሰማም። ስለዚህ ሹክሹክታውን ተቀብሎ የሚያጎላ፣ የጡንቻውን ጫጫታ የሚያጣራ ቺፕ ያስፈልጋል። እሱን የምትነድፈው ብሮንዊን ናት። በታዝማኒያዋ ከተማ ሆባርት፣ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቺፑ ከምስር ፍሬ ያንሳል፤ እሷ ስለ እሱ ስታወራ ግን እጇን የጀልባ ያህል ትዘረጋለች። ውስጡን በአጉሊ መነጽር እያየች ለመደሰት ብላ በተለመደው ጥቁር ሙጫ ፋንታ እንደ መስታወት በጠራ ሙጫ ሸፈነችው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በብረት ሣጥን ከድነን ስንሞክረው አንድም ቀን አልሳተም። መስክ ላይ ወስደን ፐርል በተባለች በግ ጀርባ ላይ በቀበቶ ስናስረው ግን ልቧ በደቂቃ አራት መቶ ጊዜ እንደሚመታ ነገረን።

«ወይ ልትሞት ነው ወይ ልትበር ነው» አለ መርቪን። በጎቹ ላይ እንድንሞክር የፈቀደልን ብቸኛ ገበሬ እሱ ነበር። «ስሚኝ ብሮንዊን፣ ሐሙስ የበግ ፀጉር ሸላቾች ይመጣሉ። እስከዚያ ካልሠራ ይሄን ቀበቶሽን ጠቅልለሽ መሄድ ነው።»

ይህን ብሎ በጓን ሊያይ ጎንበስ ሲል ቁጥሩ ሰማንያ ሁለት ሆነ። ቀና ሲል አራት መቶ።

«አየሽ? ትወደኛለች!»

«ሚስትህ እንኳ ስታይህ እንዲህ አትረጋጋም። እስቲ ድገመው» አለች ብሮንዊን።

ደገመው፤ ሰማንያ ሁለት። እኔን አስጎነበሰችኝ፤ አራት መቶ።

«በግ ሰው ታውቃለች» አለ መርቪን፣ ደረቱን ነፍቶ።

ብሮንዊን ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አየችን። «መርቪን፣ ባርኔጣህን አውልቅ።»

«በዚህ ፀሐይ? መላጣዬን ልትጠብሺው ነው?»

«አውልቅ አልኩህ!»

አውልቆ ጎነበሰ። አራት መቶ። ባርኔጣውን ተቀብላ ብቻውን ከበጓ በላይ ያዘችው። ሰማንያ ሁለት። ሃያ ጊዜ እየከደነች እየከፈተች፣ እያንዳንዱን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ጮኸች።

«ብርሃን ነው! ፀሐይ ቺፑ በተሠራበት ሲሊከን ላይ ስታርፍ ኤሌክትሪክ ትፈጥራለች። የእኔ ቺፕ የሚኖረው በጥቂት ጠብታ ነው፤ እሷ ወንዝ ለቀቀችበት። ሣጥናችን ጨለማ ስለነበር አላየነውም!»

«ስለዚህ አትወደኝም?» አለ መርቪን።

ማክሰኞ አንድ ጠብታ ጥቁር ሙጫ አፈሰሰችበት። ሐሙስ ፐርል ሰማንያ ሁለት ላይ ነበረች፤ መቶ አርባ የገባችው ሸላቹን ስታይ ብቻ ነው። መርቪን «ይሄንንስ አምናለሁ» ብሎ ተጨማሪ አርባ በጎች ሰጠን።

ብሮንዊን አሁን ደግሞ ያስቸገራትን ብርሃን ሥራ ልታስይዘው፣ ቺፑን ያለ ባትሪ በፀሐይ ብቻ ልታኖረው እየሞከረች ነው። እስከ ትናንት ድረስ አሥራ አንድ ሰከንድ ኖሯል። መርቪን ባርኔጣውን ይዞ ራቅ ብሎ እንዲቆም ታዟል።